ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

እማማ እናኑ ልጃቸው አለነ ባሕር ላይ ከሞተ ጀምሮ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር።

«ባዬ፣ ልጄ አልተጣራም? አንድም ድምፅ አላሰማም?»

«አልሰማሁም፣ እማማ» እላቸው ነበር።

ሰምቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል፤ ያውም በስሜ።

ይህን ውሸት መጀመሪያ የተናገርኩት ለእርሳቸው ሳይሆን ለጎርጎራ ሽማግሌዎች ነው። የሞተው ሞቷል፣ አንድ ቃል ብደብቅ ማንን እጎዳለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን አለነ ድምፅ አላሰማም ስላልኩ ሰው ሁሉ «እንግዲያማ ታንኳው ላይ ተኝቶ ነው» አለ። ተኝቶ ነው ሲባል ደግሞ እማማ እናኑ ምክንያቱን ከራሳቸው ላይ አገኙት። እርሱ ከሞተበት ሌሊት በፊት በነበረው ሌሊት፣ ኅዳር ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔዓለም ማኅበር ጎንደር ቁስቋም፣ እርሳቸው ቤት ነበር። አለነ ከባሕሩ ወጥቶ መጥቶ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ፣ እንግዳ ሲያስተናግድ አደረ። ዓይኑን ሳይከድን በማግስቱ በካሚዮን ወደ ጎርጎራ ወረደ። በዚያው ሌሊት ሞተ።

«ትንሽ ጋደም በል ብዬው ኖሮ ልጄ ዛሬ ነበረ» ይሉ ነበር። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ከማኅበሩ ወጡ። ቅዳሴ ሲሄዱም ከሌሎቹ ሴቶች ጋር አይገቡም፤ ከውጭው በር ቆመው፣ ግንቡን ተሳልመው ይመለሳሉ። ለዚህ ያበቃቸው የእኔ ውሸት ነው። አለነ አልተኛም ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ካልነገርኳቸው እናቱ ልጄን ገደልኩ እንዳሉ ወደ መቃብር መውረዳቸው ነበር።

እማማ እናኑን የማውቃቸው ከልጅነቴ ነው። አባቴ ጎሹ የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የደረቀ ዓሣ ይዞ ጎንደር ሲወጣ የሚያርፈው እርሳቸው ቤት ነበር። ጣሊያን ወጥቶ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት እኔን አምጥቶ ለእርሳቸው ሰጠኝ። ስድስተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ እጃቸው ያበሰለውን በልቼ፣ ከአለነ ጋር በአንድ መደብ ላይ ተኝቼ ነው ያደግኩት።

አለነ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ቀሐ ወንዝ አጠገብ አንድ ጋራዥ ውስጥ የማኪና ዕቃ እያጠበ ይሠራ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲገናኝ እንኳ የቆየ ጓደኛውን ያገኘ ይመስላል። እኔ ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ። የቃል ጽሕፈት ሲሰጥ አንድ ፊደል አልስትም ነበር፤ አስተማሪው ስሜን ጠርቶ «አንብብ» ሲለኝ ግን ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። አለነ ይህን ስለሚያውቅ፣ «ባዬን የፈለገ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በቃል አይገኝም» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን ሳቁን እፈራው ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አባቴ ዘንድ ከተመለስኩ ከሦስት ዓመት በኋላ አለነ ጋራዡን ትቶ ወደ እኛ ወረደ። አንድ ነገር አስቦ ነበር። ያን ጊዜ ትኩስ ዓሣ ጎንደር አይደርስም። እኛ የምናጠምደው ቀን ነው፤ ካሚዮኑ ከጎርጎራ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ዓሣው አንድ ሌሊት አድሮ ይበላሻል፣ ወይም ደርቆ ይወጣል።

«ሌሊት ካጠመድን» አለኝ አለነ፣ «ንጋት ላይ ካሚዮኑ ላይ እንጭነዋለን፤ በሦስት ሰዓት አዘዞን አልፎ ጎንደር ሆቴሎቹ በር ላይ ነው። አምባዛው ጭራውን እያማታ ይገባልሃል!»

እንዳለውም ሆነ። በሁለት ታንኳ መሥራት ጀመርን፤ አንዱ የእርሱ፣ አንዱ የእኔ። መረቡ ስድሳ ክንድ ያህል ነው። አንዱን ጫፍ እርሱ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ። ታንኳ ለማያውቅ ሰው፣ የታሰረ ደንገል፣ በውሃው ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር፣ ነው እንጂ የተጠረበ እንጨት አይደለም፤ ሰውየው ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃው ከሥሩ ይገባል ይወጣል። አይሰምጥም። ግን ከውሃው ብዙ ከፍ ስለማይል ከሩቅ አይታይም።

በዚያው ዓመት ከባሕር ዳር እህልና ቡና ጭኖ የሚመጣው የሞተር ጀልባ በሌሊት መጓዝ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አስቸግሮት ነው ተባለ። ነጂው ውድነህ የሚባል ከጠዳ የመጣ ሰው ነበር። አንድ እሑድ ታንኳ ያለውን ሰው ሁሉ ወደቡ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ሰበሰበን።

«ስሙኝ ወንድሞቼ» አለ። «እኔ ከላይ ሆኜ ስነዳ የእናንተ ታንኳ ለእኔ ተንሳፋፊ ሣር ነው። በቀን እንኳ በግድ ነው የማየው። ሌሊት ባሕር ላይ የሚያድር ሰው ፋኖስ ይኑረው። ፋኖሱንም ታንኳው ወለል ላይ አያስቀምጥ፤ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ እንጨት ላይ ይስቀል።»

«አንተ እኛን እንድታይ ብለን ዓሣውን እናባርረው?» አለ አባቴ። ሰው ሳቀ።

«አያ ጎሹ፣ ዓሣው ቢሸሽ ነገ ይመለሳል።»

«ባሕሩ ሰፊ ነው፣ አንተ ዞር ብለህ እለፍ እንጂ!»

«ያላየሁትን ምኑን ልዙረው?» አለ ውድነህ። «ብርሃን ካየሁማ እዞራለሁ። ደግሞ ከእንጨቱ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ።»

«ነጭ ጨርቅ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ታንኳችንን ልንድራት ነው እንዴ?»

ሳቁ እስኪበርድ ውድነህ ታገሠ። ከዚያ የመጨረሻውን ነገር ተናገረ። «የሞተር ድምፅ ስትሰሙ አትበታተኑ፣ ተጠጋጉ። ፋኖስ የጠፋበት ሰው ካለ፣ ፋኖስ ያለው ወደ እርሱ ይሂድ። ጨለማ ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው ለእኔ የለም ማለት ነው።»

ከዚያ ሁሉ ሰው ነገሩን ከልቡ የሰማው አለነ ብቻ ነበር። ሰው ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቶ ውድነህን ጥያቄ በጥያቄ አደረገው። ፋኖስ ከምን ያህል ርቀት ይታያል? ጭጋግ ሲሆንስ? በሚቀጥለው ሳምንት ከጎንደር ሁለት የዘይት ጣሳ ይዞ መጣ። ጣሳዎቹን ቀዶ፣ ውስጣቸውን በአመድ ፈግፍጎ መስተዋት እስኪመስሉ አጠራቸውና ከፋኖሶቹ ጀርባ አሰራቸው። ብርሃኑ እጥፍ ሆነ። አባቴ ከባሕሩ ዳር ሆኖ ሲያየን፣ «ወጣች የአለነ ፀሐይ! አውራ ዶሮው ሊጮህ ነው!» እያለ ያሾፍብን ነበር።

ሌሊት እርስ በርስ የምንነጋገረውም በዚያው ፋኖስ ነው። ይህ የእኔ ሐሳብ ነበር። እኔ መጮህ ስለማልወድ፣ «ፋኖሱን አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ካደረግህ ና ማለት ይሁን፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ መረቡን ሳብ ማለት ይሁን» አልኩት። አለነ ሳቀ። «አንተስ ለአፍህም ፋኖስ ያስፈልግሃል» አለኝ። ግን ተስማማ። እንዲህ ሆነን ሁለት ወር ስንሠራ በሌሊት አንድም ቀን በድምፅ ተጠራርተን አናውቅም።

አሁን የባሕሩን ልማድ መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ በሌሊት ባሕር ላይ ስሙ የተጠራ ሰው፣ ሦስተኛውን ጥሪ ሳይሰማ አቤት አይልም። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል። አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም የሚለው ባሕር የወሰደው ሰው ነው ይባላል፤ ለእርሱ አቤት ያለ ዓመቱን አይጨርስም። ይህን ከአባቴ የሰማሁት መቅዘፊያ ሳልይዝ በፊት ነው። እውነት ነው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በመንደራችን ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሚጣራ ሰው ሦስቱን ጥሪ አከታትሎ ይጠራል፣ የሚሰማውም ያኔ ይመልሳል።

አለነ ግን የከተማ ልጅ ነው። አላወቀም።

ልነግረው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ መረቡን ጥለን ታንኳዎቻችንን አጠጋግተን ቆሎ ስንበላ ከደንገሉ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ።

«ሰው ነው?» አለ አለነ።

«ወፍ ነው።» ቆሎዬን አስቀመጥኩና፣ «አያ አለነ፣ ባሕር ላይ በሌሊት ሰው ሲጣራ...» አልኩ።

«ሲጣራ ምን?»

ፊቱን በፋኖሱ ብርሃን አየሁት። ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለፈው ቀን አባቴ መረብ ከመጣሉ በፊት ቁራሽ ዳቦ ውሃው ላይ ሲወረውር አይቶ፣ «አያ ጎሹ፣ ዓሣውን ቁርስ ጋበዝከው?» ብሎ እስኪያነባ ስቆ ነበር።

«ምንም» አልኩ።

«ምነው ባዬ! ጀምረህ ትተወዋለህ? እንግዲህ ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብሎ ቆሎውን ወደ አፉ ጨመረ።

ነገሩ በዚያው አለፈ። ሌላም ቀን እነግረዋለሁ እያልኩ ኅዳር መጣ።

ኅዳር ሃያ ስምንት ማታ አለነ ከጎንደር ሲመለስ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ይህስ እውነት ነው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አባቴ «ዛሬ እደር» ቢለው እምቢ አለ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ዓሣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነበር። «ማታ እናቴ ቤት ጠላ ስቀዳ ስላደርኩ ዛሬ ባሕሩ ለእኔ ዕረፍት ነው» አለ። ሁለታችንም ፋኖሶቻችንን ሞልተን፣ ነጩን ጨርቅ አስረን ወጣን።

ጨረቃ አልነበረችም። መረቡን ጣልን። የእርሱ ፋኖስ በስተ ምሥራቅ በኩል ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። አልተኛም፤ በየጊዜው ፋኖሱን ያስተካክላል፣ ብርሃኑ ይንቀሳቀሳል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ድንገት ጠፋ።

ምን እንደሆነ ያወቅነው ኋላ ነው። መረቡን ሲስብ ውሃ ተረጭቶ የጋለውን የፋኖስ ብርጭቆ ሰነጠቀው። መቅዘፊያው በዚያው ጨለማ ከእጁ አምልጦ መረቡ ላይ ተጠላልፎ ተገኘ። የመረቡም ገመድ ተፈቶበት ነበር። መቅዘፊያም ብርሃንም የሌለው ሰው ታንኳው እንደወሰደው ይሄዳል። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላውቅም። ፋኖሱ ሲጠፋ፣ ላምባ አልቆበት ይሆናል፣ አሁን ይለኩሰዋል ብዬ እየጠበቅሁ ቆየሁ።

በዚያው ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ መጣ። እንደ ወፍጮ ነው የሚሰማው፤ መጀመሪያ ከየት እንደሆነ አይለይም። ፋኖሴን ከፍ አደረግሁ። ጀልባው አየኝ፤ መብራቱ ትንሽ ወደ ጎን ሲዞር ታወቀኝ።

ያን ጊዜ ነው የተጠራሁት።

«ባዬ!»

ድምፁ የመጣው ከምሥራቅ አይደለም። ከኋላዬ፣ ከምዕራብ፣ አለነ ሊኖርበት ከማይችል ቦታ ነው። የአለነን ድምፅ ይመስላል። ባሕሩ የሚያውቁትን ሰው ድምፅ ይወስዳል ሲሉ ሰምቻለሁና ይህ መምሰሉ ራሱ አስፈራኝ። ዘወር ብዬ አላየሁም። በልቤ «አንድ» አልኩ።

እርሱ ደግሞ ምን እንዳደረገ አሁን አውቃለሁ። ሰውን ጠርቶ አቤት እስኪል መጠበቅ የሁላችንም ወግ ነው። አቤት ስለው «ፋኖስህን ይዘህ ቶሎ ና፣ የእኔ ጠፍቷል» ሊለኝ ነበር። ስለዚህ ጠበቀኝ። እኔም ጠበቅሁት። ሞተሩ እየቀረበ ነበር።

«ባዬ!» አለ እንደገና፣ ጠንከር አድርጎ።

«ሁለት» አልኩ በልቤ። ከንፈሬ ተላቆ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሦስተኛው ቢመጣ ወዲያው እመልስ ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር።

ሦስተኛው አልመጣም። የደረቀ ደንገል በብዙ ሲሰበር ሰማሁ፤ እንደ አገዳ እርሻ ውስጥ ከብት ሲገባ ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ሞተሩ ቆመ። በጸጥታው ውስጥ ውድነህ ጮኸ።

«ማነው? ማን አለ እዚያ?»

«አቤት!» አልኩ።

ለእርሱ ወዲያው መለስኩለት። ስም ስላልጠራ አልፈራሁትም።

አለነን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ደንገሉ ውስጥ ነው። በካሚዮን ወደ ጎንደር ወስደን ቁስቋም ቀበርነው። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ወደቡ ላይ ተቀመጡ፤ አንድ የፖሊስ አሥር አለቃም መጥቶ ነበር። ውድነህ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«አንድ ፋኖስ አየሁ። ከፋኖሱ ሸሽቼ ወደ ምዕራብ ዞርኩ። በዞርኩበት ብርሃንም አልነበረ፣ ሰውም አላየሁ። ሞተሩ ጆሮዬ ሥር ስለሆነ ድምፅ አልሰማሁም» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ባዬ? አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ። ሟቹ ድምፅ አሰማ?»

ሠላሳ ሰው ያህል ያየኛል። አዎ ብል «ታዲያ ምን አልከው?» እንደሚሉኝ ታወቀኝ። አባቴም ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። እንደ ተማሪ ቤት መሬት መሬቱን አየሁ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማኅበር አድሮ የመጣ ልጅ ነው። እንቅልፍ ጥሎታል» አሉ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ፣ ውድነህም በነፃ ተሰናበተ። ቃሉ ግን ከእኔ በፊት ጎንደር ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ተናግሬአለሁ። በየሳምንቱ ዓሣ ይዤ ስወጣ ቁስቋም እሄዳለሁ፤ እማማ እናኑ ያንኑ ይጠይቁኛል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ቤታቸው ስደርስ አልጋቸውን አፍርሰው መሬት ላይ አጎዛ አንጥፈው አገኘኋቸው። «ልጄን እንቅልፍ ነስቼ፣ እኔ አልጋ ላይ ልተኛ?» አሉኝ። ያን ቀን ልነግራቸው ቃጣሁ። ጎረቤት መጣችና ተውኩት። ጎረቤቲቱ በመምጣቷ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

የአርባው ተዝካር ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው እንደገና ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ብቅል አስጥተው ብቻቸውን ይገለብጡ ነበር። ሰላም ብያቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። እንዲጠይቁኝ አልጠበቅሁም።

«እማማ፣ አለነ አልተኛም ነበር።»

እጃቸው ብቅሉ ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ጠርቶኛል። ሁለት ጊዜ። ዋሽቼዎት ነው።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ዝም አልኩ።»

«ምነው?» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ። «ምነው ባዬ?»

የባሕሩን ልማድ ነገርኳቸው። ድምፁ ከማልጠብቀው ቦታ እንደመጣ፣ ሦስተኛውን ስጠብቅ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ዓይኔን ከብቅሉ ላይ አላነሳሁም።

«እሱ ይህን ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«ሁለት ወር ሙሉ አብራችሁ ስታድሩ?»

«ይስቅብኛል ብዬ ነው፣ እማማ።»

ዶሮ መጥታ ብቅሉን ጫረች፣ አላባረሯትም።

«ይስቅብህ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከሳቀ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ ይጠራህ ነበር።»

ከብቅሉ አንድ ፍሬ አንስቼ በጣቶቼ አደቀቅሁ።

«ሲጠራህ ፈርቶ ነበር?»

«አልፈራም። የመጀመሪያው ውሃ አቀብለኝ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነበር፤ ግን ፍርሃት የለበትም።»

«ነቅቶ ነበር» አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ነቅቶ ነበር፣ ልጄ ነቅቶ ነበር» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ በፊት ሲያለቅሱ ደረታቸውን ይመቱ ነበር፤ ያን ቀን አልመቱም። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ተነሥቼ ዶሮዋን አባረርኩ።

ልሄድ ስል ጠሩኝ። ፊታቸው ደርቆ ነበር።

«ለእኔ በጆሮዬ ነግረህ አትሄድም። ተኝቶ ነው ያሉት ሁሉ ለተዝካሩ ይመጣሉ። ዳሱ ውስጥ ቆመህ ትነግራቸዋለህ።»

«እማማ፣ ጽፌ ለካህኑ ብሰጣቸውና እርሳቸው ቢያነቡልኝስ?»

«ልጄ ሲጠራህ በጽሑፍ ነው የጠራህ?» አሉ።

ጥር ስምንት ቀን ዳሱ ሞላ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ተቀምጠዋል። ከጎርጎራ ታንኳ ያለው ሰው ሁሉ በካሚዮን መጥቷል፤ አባቴም አለ፣ ውድነህም በር አጠገብ ጥግ ይዟል። እንጀራው ከመቅረቡ በፊት እማማ እናኑ ከሴቶቹ መካከል ሆነው አዩኝ። ተነሣሁ። ተናገርኩ፤ ምን እንዳልኩ ለራሴም አልተሰማኝም።

«አይሰማም!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ምን አለ? ከፍ አድርገው እንጂ፣ አንተ ልጅ!» አለ ሌላው።

እንደገና ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«አለነ አልተኛም ነበር! በስሜ ጠርቶኛል። ያልመለስኩለት እኔ ነኝ። አልሰማሁም ያልኩት ውሸቴን ነው።»

የጎርጎራ ሰዎች ስንት ጊዜ ጠራህ ብለው አልጠየቁኝም፤ ገብቷቸዋል። አባቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው። እማማ እናኑ ብድግ አሉ።

«ልጄ ነቅቶ ነው የሞተው» አሉ። «ሰማችሁ?»

«ሰማን» አለ ሰው።

«እንግዲህ ብሉ።»

መሶቡን ራሳቸው ይዘው በየተቀመጠው ሰው ፊት ዞሩ። ለውድነህ በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። አባቴንም «ብላ፣ አያ ጎሹ» አሉት። እኔ ዘንድ ሲደርሱ አልቆሙም፤ ከእኔ ቀጥሎ ላለው ሰው አቀረቡ። በቁጣ አልነበረም። የተቀመጥኩበት ቦታ ባዶ እንደሆነ ያህል ነው ያለፉት። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ።

ካሚዮኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት በታች ቆሞ ነበር። ጎማው ላይ ተደግፌ ሳለሁ ውድነህ ከኋላዬ ወርዶ መጣ። ሲጋራ አወጣ፤ ግን አለኮሰውም።

«ከባድ ነገር ነው የተናገርከው» አለ። «እኔስ አልችለውም ነበር።»

«አያ ውድነህ፣ ያን ሌሊት እኔ ብጮህ ትሰማኝ ነበር?»

«ባዬ ሙት አልሰማህም። መድፍ ብትተኩስም አልሰማ። ሞተሩ እኮ ሌላ ድምፅ አያስገባም።»

ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነው፤ ገብቶኛል። እዚያው ላይ ብተወው ጥሩ ነበር።

«አቤት ብዬው ፋኖሴን ይዤ ወደ እርሱ ብሄድስ?»

ሲጋራውን በጣቶቹ መካከል ሲያንከባልል ቆየ። ሊዋሽልኝ የፈለገ መሰለኝ። ግን እርሱም ያን ሌሊት እዚያው ነበር።

«ያን ጊዜማ» አለ፣ «ከብርሃንህ ስሸሽ እርሱንም እሸሸው ነበር።»

የካሚዮኑ ረዳት ሰዎቹን ለመጥራት ወደ ላይ ወጣ። ውድነህ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመና ሄደ። እኔ ከኋላ ተሳፍሬ ባዶዎቹ የዓሣ ቅርጫቶች መካከል ተቀመጥኩ። አባቴ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። እስከ አዘዞ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አዘዞን ካለፍን በኋላም አልተናገረም።